እናት ከተማና ልጆችዋ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በጂኦግራፊ ክበብ ስም በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው የደስታ ቀን በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር የጂኦግራፊ ክበባችን ስለ መረጠኝ ምስጋናዬን አስቀድማለሁ። እንዲህ ባለው በዓል ላይ የሚደረግ ንግግር ብዙውን ጊዜ ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ አገር ፍቅር ነው። እኔ የመረጥሁት ርእስ ግን ስለ ታላላቅ ከተሞችና በዙሪያቸው ስላለው አገር ነው። ይህን የመረጥሁበት ምክንያት ቀላል ነው። እዚህ ከተቀመጥነው ተማሪዎች ብዙዎቻችን ጠዋት ጠዋት የአዲስ አበባን ወሰን ተሻግረን እንመጣለን፤ ማታም ተሻግረን እንመለሳለን። የታክሲው ረዳት የመውረጃውን ስም ይጠራል እንጂ ወሰኑን አይጠራም። ወሰኑን ሳናየው እናልፈዋለን፤ ነገር ግን የምንጠጣው ውሃ፣ የምንኖርበት ቤትና የጣልነው ቆሻሻ ሁሉ ከዚህ ወሰን ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተጨመረባቸው በቀር በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን እንድትረዱልኝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልናገር። «ሜትሮፖሊስ» የሚለው ቃል የግሪክ ሲሆን ትርጓሜው እናት ከተማ ማለት ነው። የጥንት ግሪኮች ከአንድ ከተማ ወጥተው በባሕር ማዶ ሌላ ከተማ ሲቈረቁሩ የወጡባትን ከተማ እናት ብለው ይጠሯት ነበር። ዛሬ ሜትሮፖሊታን አካባቢ ሲባል አንድ ታላቅ ከተማ፣ በዙሪያዋ ያሉት ትንንሽ ከተሞች፣ በመካከላቸው ያለውም እርሻና ደን በአንድነት ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ደግሞ «ከተማ» የሚለው ቃል ከ«ከተመ» የወጣ ነው፤ ከተመ ማለትም ሰፈረ ማለት ነው። በቀድሞ ዘመን የንጉሥና የሠራዊቱ ማረፊያ ከተማ ይባል ነበር። ሠራዊቱ በአካባቢው ያለውን እንጨትና እህል ሲጨርስ ድንኳኑን ነቅሎ ወደ ሌላ ስፍራ ይሄድ ነበር። እንግዲህ የሁለቱን ቃላት ልዩነት ተመልከቱ፤ እናት ዙሪያዋን የከበቡትን ትመግባለች፤ ሰፈር ግን በዙሪያው ያለውን በልቶ ይነሣል። የዛሬው ጥያቄዬም ይኸው ነው፤ ታላቅ ከተማ ለዙሪያው እናት እንዲሆን ምን መደረግ አለበት?

አንድ ከተማ ብቻውን ሊኖር አይችልም። ማዘጋጃ ቤት ወሰን አለው፤ ውሃ ግን ወሰን አያውቅም። የአዲስ አበባ ሕዝብ የሚጠጣውን ውሃ ከሚያገኝባቸው ግድቦች መካከል ገፈርሳና በ1970 ሥራ የጀመረው ለገዳዲ የሚገኙት ከከተማው ወሰን ውጭ በኦሮሚያ ምድር ነው። ከእንጦጦ የሚነሡት ወንዞች ደግሞ በከተማው መካከል ሲያልፉ እድፉን ተሸክመው ወደ አቃቂ ይወርዳሉ፤ ከዚያም በአባ ሳሙኤል በኩል አድርገው ወደ አዋሽ ይገባሉ። በታች ያለው ገበሬ በዚሁ ውሃ አትክልቱን ያጠጣል፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ እኛ ገበታ ይመጣል። ወተቱ፣ ጤፉ፣ የቤት መሥሪያው ድንጋይና አሸዋ፣ የቀን ሠራተኛውም ሳይቀር ከዙሪያው ነው። ስለዚህ የከተማን ፕላን በከተማው ወሰን ውስጥ ብቻ የሚነድፍ መሐንዲስ የሰውን አካል ትቶ ልብን ብቻ እንደሚያክም ሐኪም ነው።

ይህን ነገር ቀድማ የተማረችው፣ ተምራም ብዙ የደከመችበት ከተማ ለንደን ናት። በ1801 የለንደን ሕዝብ 1 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ በ1939 ከ8 ሚሊዮን ተኩል በላይ ሆነ። የባቡር ሐዲድ በተዘረጋበት ሁሉ ቤት ተከትሎ ይሠራ ስለ ነበር፣ መንደር ከመንደር እየተጋጠመ እርሻው ጠፋ። በከተማው መካከል ያለው ድኻም በጢስና በጠባብ ቤት ታፍኖ ይኖር ነበር። በ1898 ኤቤኔዘር ሃዋርድ የሚባል፣ በፓርላማ የሚነገረውን በአጭር ጽሕፈት እየጻፈ የሚተዳደር ሰው አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ሐሳቡም እንዲህ ነበር፤ አንድን ከተማ መጨረሻ እስኪታጣለት ድረስ ከማስፋት ይልቅ 32 ሺህ ሰው ያህል የሚይዙ፣ የራሳቸው ፋብሪካ፣ ትምህርት ቤትና ገበያ ያላቸው፣ በእርሻ የተከበቡ አዳዲስ ከተሞች ይሠሩ፤ መሬቱም የነዋሪው የጋራ ይሁን፤ የመሬቱ ዋጋ ሲጨምር ትርፉ ለነዋሪው ይመለስ። ይህ ሰው ባለ ሥልጣን አልነበረም፤ ባለጠጋም አልነበረም። ቢሆንም ሐሳቡን ወደ ሥራ ለማምጣት ከወዳጆቹ ጋር ሆኖ በ1903 ሌችዎርዝን፣ በ1920 ዌልዊንን አስጀመረ።

ከዚያ በኋላ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ ለንደንም በቦምብ ተደበደበች። ጦርነቱ ገና ሳያልቅ በ1944 ፓትሪክ አበርክሮምቢ የተባሉት ሊቅ የታላቋን ለንደን ፕላን አቀረቡ። ፕላኑ አገሩን በአራት ቀለበት ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ቀለበት የተጨናነቀው መካከለኛ ከተማ ነው፤ ሁለተኛው በዙሪያው የተሠራው የመኖሪያ ሰፈር ነው፤ ሦስተኛው አረንጓዴ መቀነት የሚባል፣ ቤት የማይሠራበት የእርሻና የደን ስፍራ ነው፤ አራተኛው የውጭው አገር ሲሆን አዲሶቹ ከተሞች የሚሠሩት በዚያ ነው። ከ1 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ከመካከለኛው ወደ ውጭው እንዲዛወር ታሰበ። በ1946 ፓርላማው ስለ አዳዲስ ከተሞች ሕግ አወጣ፤ በለንደን ዙሪያም ስቲቨኔጅን፣ ሃርሎንና ክሮውሊን የመሳሰሉ 8 ከተሞች ተቋቋሙ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቈም ብለን ስለ ስቲቨኔጅ እንድናስብ እወዳለሁ። ስቲቨኔጅ 6 ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ጥንታዊት ከተማ ነበረች። መንግሥት 60 ሺህ ሰው የሚኖርባት ትሁን ሲል ነዋሪዎቹ ተቈጡ፤ ገበሬዎቹ መሬታችን ሊወሰድ ነው አሉ። በ1946 ሚኒስትሩ ሉዊስ ሲልኪን ነገሩን ሊያስረዱ በመጡ ጊዜ ሕዝቡ የመኪናቸውን ጎማ አስተነፈሰ ይባላል። የባቡር ጣቢያውም ስም «ሲልኪንግራድ» ተብሎ ተለጠፈ፤ ይህም የሶቪየት ከተሞችን አሰያየም በመከተል አድራጎቱ የአምባገነን ነው ለማለት ነበር። ነገሩ እስከ ላይኛው ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1947 ለሚኒስትሩ ተፈረደ። ከተማዋም ተሠራች፤ ዛሬ ከ80 ሺህ በላይ ሰው ይኖርባታል። ነገር ግን የፓርላማ እናት ነኝ በምትለው አገር እንኳ የባላገሩ ድምፅ ከፕላኑ በኋላ እንጂ ከፕላኑ በፊት አለመሰማቱን ልብ በሉ።

ገንዘቡ ከየት መጣ ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ የሚያስደንቅ ነው። ለእያንዳንዱ አዲስ ከተማ አንድ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ ኮርፖሬሽኑም በ60 ዓመት የሚከፈል ብድር ከመንግሥት አገኘ። መሬቱን የገዛው በእርሻ ዋጋ ነበር፤ በኋላ ግን በላዩ ሱቅ፣ ፋብሪካና ቤት ሲሠራበት ዋጋው እጅግ ስለ ጨመረ፣ ከኪራዩና ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብ ለመንገዱ፣ ለውሃው ቧንቧና ለብድሩ ክፍያ ዋለ። መሬት ከእርሻነት ወደ ከተማነት ሲለወጥ የሚገኘው ትርፍ ለማን ይሁን የሚለው ጥያቄ የዚህ ሥራ ሁሉ ቁልፍ ነው፤ ወደ አገራችን ስንመለስ እንደገና እናገኘዋለን።

የለንደን ሥራ እንከን የለውም ለማለት አልደፍርም። አረንጓዴው መቀነት ዛሬም 5,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ እርሻውንና ደኑን አድኗል። ነገር ግን ከመቀነቱ ውስጥ የቤት ዋጋ ከፍ እንዲል ረድቷል፤ ብዙ ሠራተኛም ከመቀነቱ ወዲያ እየኖረ በየቀኑ በባቡር ይመላለሳል። ወጣቱና የእጅ ባለ ሙያው ወደ አዲሶቹ ከተሞች ሲሄዱ የመካከለኛው ከተማ ድኻ ሰፈሮች ተዳከሙ። የለንደን ሕዝብም ከ1939 በኋላ እየቀነሰ ሄዶ በ1980ዎቹ 6.8 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ፤ እንደገና መጨመር የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ደግሞም የጠቅላላዋ ለንደን ምክር ቤት በ1965 ተቋቁሞ በ1986 ስለ ፈረሰ፣ ከንቲባ እስከ ተመረጠበት እስከ 2000 ድረስ 14 ዓመት ያህል ከተማዋ አንድ ራስ አልነበራትም። ፕላን ያለ ጠባቂ ወረቀት ነው።

ሌላ መንገድ የያዙም አሉ። የዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን በ1947 የወጣላት ፕላን የሰው እጅ ይመስላል። መዳፉ አሮጌው ከተማ ነው፤ አምስቱ ጣቶች ደግሞ በባቡር መሥመር ላይ እንደ ዶቃ የተሰኩ መኖሪያዎች ናቸው፤ በጣቶቹ መካከል ያለው ክፍት ስፍራ ለእርሻና ለደን ተጠበቀ። ማንም ሰው ከቤቱ ወጥቶ በአንድ በኩል ባቡር፣ በሌላው በኩል ሜዳ እንዲያገኝ ነው። ሥዕሉ ቀላል ስለ ሆነ ሕፃን እንኳ ያስታውሰዋል፤ ከብዙ ዐሥርተ ዓመታት በኋላም የአገሩ ፕላን አውጪዎች ሥራቸውን በእርሱ ይመሩበታል። ሕዝብ የሚረዳው ፕላን ዕድሜው ረጅም ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። አዲስ አበባ፣ ኦሮሞው ፊንፊኔ የሚላት፣ በ1879 ዓ.ም. በፍልውሃው አጠገብ ስትቈረቈር በእውነት ሰፈር ነበረች። መኳንንቱ በየኮረብታው ሰፈሩ፤ ተከታዮቻቸው በዙሪያቸው ጎጆ ቀለሱ። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ የእንጦጦ እንጨት አለቀና ዳግማዊ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ነበር። ከተማዋን ያዳናት ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ፈጥኖ ስለሚያድግ ማገዶም ማገርም ሆነላት። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ምድር ባቡር ሲደርስ ደግሞ ነቅሎ የመሄድ ሐሳብ ፈጽሞ ቀረ። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የወጣው ፕላን አውሮፓዊውን ካገሬው ለመለየት የታሰበ ነበር፤ ገበያውን ከአራዳ ወደ ዛሬው መርካቶ ያዛወረው እርሱ ነው። የለያዩት ሰዎች በ1933 ዓ.ም. ከከተማይቱ ወጡ፤ የመርካቶ ስምና ስፍራ ግን ቀረ።

ቀደም ብዬ የጠቀስኋቸው አበርክሮምቢ ለአዲስ አበባም ፕላን ሠርተዋል፤ ይህም በ1956፣ ሊሞቱ አንድ ዓመት ሲቀራቸው ነው። እንደ ለንደኑ ሁሉ ቀለበት መንገድና በዙሪያው የሚሠሩ ትንንሽ ከተሞች ነበሩበት። በ1959 ሌሎች እንግሊዞች ፕላኑን አሻሻሉት፤ በ1965 አንድ ፈረንሳዊ ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር የሚወርደውን ሰፊ ጎዳና ዋነኛ አድርጎ ሌላ አቀረበ፤ በ1978 አንድ የሃንጋሪ መሐንዲስ ከተማይቱ ወደ ደቡብ ወደ ናዝሬት መንገድ እንድታድግ አሰበ፤ በ1986 ኢትዮጵያውያንና ኢጣሊያውያን በአንድነት የሠሩት ተጠናቀቀ፤ ሌሎችም ተከተሉ። መንግሥት በተለወጠ ቍጥር ፕላን ተለወጠ፤ ሕዝቡ ግን ፕላን ሳይጠብቅ መጣ። በ1961 ከ400 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ የነበረው የአዲስ አበባ ነዋሪ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ 2 ሚሊዮን 700 ሺህ ሆኖ ተገኘ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደ ተባለው፣ ቤቱ ከተሠራ በኋላ ውሃ፣ ሰፈሩ ከሞላ በኋላ መንገድ የሚፈለግበት ጊዜ ብዙ ሆነ።

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ መንግሥት የጋራ መኖሪያ ቤቶችን በብዛት ሠራ። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ የሚባሉት ሰፈሮች የተነሡት በዚህ ጊዜ ነው። ለብዙ ሺህ ቤተ ሰብ የራሱ በርና ቁልፍ ማግኘት ታላቅ ነገር ነው፤ ዕጣ የወጣላት እናት እልል ስትል ያልሰማ የለም። ነገር ግን እነዚህ ሕንፃዎች የቆሙበት ምድር ቀድሞ ጤፍና ስንዴ የሚዘራበት እርሻ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የወጣው ሕግ መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ ያለፉትን 5 ዓመታት ገቢ አማካይ ወስዶ የዐሥር እጥፉን ካሣ ይሰጠው ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው ወደ ዐሥራ አምስት እጥፍ ከፍ አደረገው። ሒሳቡን እስቲ አብረን እናስብ። ለልጅና ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ማሳ የዐሥር ዓመት አዝመራ ተቈጥሮለት ያልቅ ነበር፤ ያው መሬት በማግሥቱ በሊዝ ሲጫረት ዋጋው በካሬ ሜትር ይነገራል። ገንዘብ ይዞ ሥራ ያልያዘ ሰው ደግሞ ገንዘቡ ሲያልቅ ምን ይሆናል? ቀድሞ ባረሰው ምድር ላይ በተሠራው ሕንፃ በር ላይ ዘበኛ ሆኖ የሚያድር አባት ያላችሁ ተማሪዎች በመካከላችን አላችሁ፤ መልሱን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች በአንድነት የሚያቅድ ማስተር ፕላን ይፋ ሆነ። ያዘጋጁት ሰዎች መንገድን፣ ውሃንና ፋብሪካን አንድ ላይ ማሰብ ይጠቅማል ብለው ነበር፤ ሐሳቡ በመጽሐፍ ቢመዘን ከአበርክሮምቢ ትምህርት የራቀ አይደለም። ባላገሩና የኦሮሚያ ተማሪዎች ግን መሬታችንን የሚወስድ፣ እኛንም የሚያፈናቅል ነው ብለው ተቃወሙ። በዚያው ዓመትና በ2008 ዓ.ም. በተነሣው ተቃውሞ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ፤ ከሞቱትም መካከል የእኛ እኩያ ተማሪዎች ነበሩ። በጥር 2008 ዓ.ም. ፕላኑ እንዲቀር ተወሰነ። በስቲቨኔጅ የመኪና ጎማ ተነፈሰ፤ በእኛ አገር ደም ፈሰሰ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 የኦሮሚያ ክልል በአዲስ አበባ ላይ ያለው ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅና ዝርዝሩ በሕግ እንደሚወሰን ይናገራል፤ ፕላኑ ይፋ በሆነ ጊዜ ግን ያ ዝርዝር ሕግ ገና አልወጣም ነበር። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በዙሪያው ያሉት ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ገላንና ሌሎችም ተጠቃልለው ሸገር ከተማ ተብለዋል። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ታላላቅ ከተሞች አንዱ ሌላውን እንደ ቀለበት ከቦ ይኖራሉ። ቀለበትና ጣት ካልተስማሙ ምን እንደሚሆን ወላጆቻችን ያውቃሉ።

የአለመስማማት ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ አንድ ምሳሌ ብቻ ልጨምር። የከተማይቱ ቆሻሻ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የሚጣለው ቆሼ በሚባለው ስፍራ ነበር። እርሱ ስለ ሞላ በሰንዳፋ አዲስ መጣያ ተዘጋጅቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የሰንዳፋ ገበሬዎች ግን ሽታውና ፍሳሹ እኛንና ከብቶቻችንን ጐዳ ብለው ስለ ተቃወሙ ከጥቂት ወራት በኋላ ተዘጋ፤ ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎችን ቀበረ። የሰንዳፋ ገበሬ የሌላውን ሰው ጥራጊ አልቀበልም ማለቱ አያስወቅሰውም፤ በቆሼ ሥር ጎጆ የቀለሰው ድኻም አይወቀስም። የጐደለው ነገር ቢኖር ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው የሚነጋገሩበት አንድ ጠረጴዛ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? በእኔ አስተያየት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ መሬቱ የሚፈለግበት ሰው ከፕላኑ በፊት ይጠየቅ፤ ካርታው ካለቀ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ምክር ሳይሆን ማስታወቂያ ነው። ሁለተኛ፣ እርሻ ከተማ ሲሆን የሚገኘው ትርፍ ከፊሉ መሬቱን ለለቀቀው ቤተ ሰብ ይመለስ፤ በካሣ ብቻ ሳይሆን በሱቅ፣ በቤትና በሙያ ትምህርት ይድረሰው። ሦስተኛ፣ አዲስ አበባና ጎረቤቶችዋ ወሰናቸውና ሥልጣናቸው እንደ ተጠበቀ ሆኖ ስለ ውሃ፣ ስለ ቆሻሻ፣ ስለ መንገድና ስለ ደን የሚመክር የጋራ ጉባኤ ይኑራቸው፤ ውሃ ሰጪውም ከውሃው ዋጋ ድርሻ ያግኝ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ተረታችን ለሰዎች ብቻ ሳይሆን ለከተሞችም የተነገረ ይመስለኛል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከእናንተ መካከል ነገ መሐንዲስ፣ ዳኛ፣ የማዘጋጃ ቤት ሹም የሚሆን ይኖራል። ካርታ በፊታችሁ ሲዘረጋ በወረቀቱ ላይ ባዶ ሆኖ የሚታየው ስፍራ በእውነቱ ባዶ እንዳልሆነ አስቡ፤ ስም አለው፤ የሚያርሰው ሰው አለው፤ የተቀበሩበት አባቶች አሉት። የጂኦግራፊ ክበባችን በሚመጣው የትምህርት ዘመን እያንዳንዱ አባል የሚኖርበትን ሰፈር ካርታ እንዲነድፍ፣ ሰፈሩም ከመሠራቱ በፊት ማን ይኖርበት እንደ ነበረና ስፍራው ምን ይባል እንደ ነበረ ከሽማግሌዎች ጠይቆ እንዲጽፍ ወስኗል። እናንት ወላጆችም የምታውቁትን እንድትነግሩን፣ እናንት መምህራንም የጻፍነውን እንድታርሙልን በትሕትና እንለምናለን።

ትምህርት ቤታችን ብዙ በዓላት ለማክበር ያብቃው።